ከወንድ ጋር የተወለደች ጊደር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ሎሚ አትወልድም። ዛሬ ቁርጡ ታወቀ።

የከብት ሐኪሙ ለክትባት ላፍቶ ሜዳ ላይ ነበር። የሰፈሩ ከብት ሁሉ ወጥቷል። እኔም መካኒሳ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በጊዜ ስለወጣሁ፣ አማቴ ሎሚን ሲነዱ አብሬያቸው ሄድኩ። አማቴ አዴ ጫልቱ ይባላሉ። አዴ እላቸዋለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚላቸው። ሎሚ ደግሞ የኔ ጊደር ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ግርማን ሳገባ አዴ "ለሙሽራዋ" ብለው የሰጡኝ ጥጃ ናት። ቢጫ ቢጤ ስለሆነች ሎሚ ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን ወፍራለች፣ ጠጉሯ ያብረቀርቃል፣ አንገቷ እንደ በሬ ደንድኗል። ኮርማ ዘንድ ስንት ጊዜ ተወሰደች። ምንም።

መርፌዋን ከተወጋች በኋላ አዴ "እስቲ ይችን ደግሞ እያት" አሉት ሐኪሙን። ገና ወጣት ነው፤ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ክንዱን ታጥቦ መረመራት። ብዙም አልቆየ።

"ስትወለድ መንታ ነበረች?" አለ።

"አዎ፣ ከወንድ ጋር። ወይፈኑን ሸጥነው" አሉ አዴ።

እንግዲያው አትድከሙ አለን። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር አብዛኛውን ጊዜ መሲና ናት፣ አትወልድም። በእናታቸው ሆድ ሳሉ የእንግዴ ልጃቸው ይገናኝና ደማቸው ይቀላቀላል። ወንዱ ቀድሞ ወንድ መሆን ይጀምራል። ከሱ የሚወጣው ነገር በደም በኩል እሷ ዘንድ ይደርስና ማኅፀኗን ሳያድግ ያስቀረዋል። "ከውጭ ሲያይዋት ሴት ናት፤ በውስጥ ግን ሴትነቷ ሳይጨረስ ቀርቷል" አለ። ይህን ሲናገር ሎሚን ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋታል። ደግ ሰው ይመስላል።

የግርማ አጎት ኦቦ ቱሉ በሬዎቻቸውን ይዘው አጠገባችን ቆመው ነበር። ሎሚን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

"ምራታችንስ ከወንድሟ ጋር መንታ አይደለችም እንዴ?" አሉ።

እንደ ቀልድ ነው ያሉት። ማንም አልሳቀም።

አዎ፣ መንታ ነኝ። እኔ በላይነሽ፣ ወንድሜ በላይ። እናታችን ስም ስታወጣ ብዙም አልተጨነቀችም። ሦስት ዓመት በትዳር ኖሬ ልጅ የለኝም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አንደኛ ክፍሎችን መደመር አስተማርኩ። አራትና ሦስት ስምንት ነው ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ አረመችኝ። ጎበዝ አልኳት፣ ሆን ብዬ ያደረግሁት አስመስዬ።

ማታ ለግርማ ነገርኩት። ግርማ ከተማ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ከእጁ የሞተር ዘይት አይጠፋም። ሳቀ። "አንቺ ላም ነሽ?" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ቀለለኝ። ራታችንን በልተን፣ መብራቱን ልናጠፋ ስንል፣ "ለመሆኑ ሐኪሙ ስለ ሰው ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"አልጠየቅሁትም።"

ለምን አልጠየቅሁትም? ሰው ሁሉ ቆሞ እየሰማ እንዴት ልጠይቀው።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

አዴ በአጥር በኩል ከጎረቤታችን ጋር ያወራሉ። በኦሮምኛ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ቀስ ሲሉ እሰማለሁ፣ ሲፈጥኑ ያመልጠኛል። ዛሬ ፈጥነው ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ያዝኩ። አንዱ "ለኩ" ነው፣ መንታ ማለት። ሌላው መሲና። በእነሱ ቋንቋ መሲና ለላምም ለሴትም ይባላል። እኛ እንኳ ለሴት መካን ነው የምንል። መካን ማለቱ የተሻለ መስሎኝ ሳሰላስል ቆየሁ፤ ምንም አይሻልም።

እኔን ሲያዩኝ ወሬውን ቀየሩት።

ሌላ ወሬ፦ ኦቦ ቱሉ ለቅበላ እሑድ ሳምንት ይመጣሉ። ከግርማ ጋር "የቤተሰብ ጉዳይ" አላቸው አሉ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ መንገርም አያስፈልግም፣ የሌላ ሚስት ነገር ነው። የሟቹ አማቼ ታላቅ ወንድም ናቸው። በዚህ ቤት እሳቸው የሚሉት ይሰማል። ግርማ ይሰማቸው ይሆን? አይሰማቸውም። አይሰማቸውም ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሳሪስ ሄጄ በላይን አየሁት። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት አይሠራም። ሚስቱ ወልዳ ከተነሳች ገና ወሯ ነው። ሕፃኑን አቀፍኩት። ገና ምንም አይመስልም፣ ጣቱ ግን ሲይዝ አይለቅም።

የጊደሯን ነገር ስነግረው በላይ መጀመሪያ ቀለደ። "እኔ ምን በደልኩሽ? ዘጠኝ ወር ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ነው የተኛሁት" አለ። ሚስቱ በሳቅ ፈነዳች። እኔ እንባዬ መጣ። ሲያየኝ ደነገጠ።

"ቱሉ ሐኪም ነው እንዴ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "የከብቱም ሐኪም የከብት ነው። የሰው ጠይቂ።"

ሰኞ ወደ ከተማ የሚወስደው ጭነት አለ። ያደርሰኛል። ዳይሬክተሩን ማስፈቀድ አለብኝ። ምን ብዬ? አሞኛል እላለሁ። ውሸትም አይደለም።


እሑድ፣ ኅዳር 7

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ። ልብስ አጠብኩ። ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ ሲመጣ ማሳው በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፣ ደግሞ ይነሳል። እንደዚህ ባለ ቀን ላፍቶን እወዳታለሁ።

ለግርማ ሐኪም ዘንድ እንደምሄድ ነገርኩት። "ሂጂ" አለ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሄድኩ። ብዙ ነው፣ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሐኪሟ ህንዳዊት ናት፣ ጠጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት። አንዲት ነርስ ታስተረጉማለች። ነርሷ የቡልጋ ልጅ ናት፤ ንግግሬን ሰምታ አገሬን አወቀችው። በዚህ ምክንያት ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ጊደሯን፣ መንታነቴን፣ ሁሉንም። ነርሷ ስታስተረጉም ሐኪሟ አልሳቀችም። ይህን አልረሳላትም። የወር አበባሽ ይመጣል ወይ አለችኝ። በጊዜው ይመጣል አልኩ። "ጊደሯስ ኮርማ ትፈልጋለች?" አለች። አዴ ሲናገሩ እንደሰማሁት ሎሚ አንድም ቀን ፈልጋ አታውቅም፤ የወሰድናት በግድ ነው። "ይኸው፣ የመጀመሪያው ልዩነት" አለችኝ።

መረመረችኝ። አሳፋሪ ነው፤ አልጽፈውም። ጨርሳ እጇን ስትታጠብ፣ ነርሷ ገና ሳታስተረጉምልኝ ከፊቷ አወቅሁት። ማኅፀኔ ደህና ነው። እንደማንኛዋም ሴት ነኝ።

ቀጥላ አስረዳችኝ። ሰው እንደ ከብት አይደለም። ወንድና ሴት መንታ ሲረገዙ ሁለቱም የየራሳቸው የእንግዴ ልጅ አላቸው። ቢነካኩ እንኳ ደማቸው አይቀላቀልም። እኔና በላይ በአንድ ቤት እንደሚኖሩ ሁለት ተከራዮች ነበርን፤ በር ለየብቻ። ተከራይ ያለችው ነርሷ ናት፣ ሐኪሟ እንደዚያ ማለቷን እንጃ።

ለመነሳት ስል አንድ ነገር መጣብኝ። "ወንድ ወይም ሴት የሚያደርገውስ ማን ነው?" አልኩ። ነርሷ ሳታስተረጉም ራሷ ልትመልስ ስትል ሐኪሟ ጥያቄውን አስነገረቻትና ወረቀት ሳበች። ሁለት ምልክት ጻፈች፣ ኤክስና ዋይ። ከእናት የሚመጣው ሁልጊዜ ኤክስ ነው። ከአባት የሚመጣው ኤክስ ወይም ዋይ ነው። ኤክስ ከመጣ ልጁ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ ይሆናል።

"እናትየዋስ?" አልኩ።

"እናትየዋ የምትሰጠው ያላትን ነው። ያላት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው።"

በሠላሳ ዓመቴ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ዛሬ ሰማሁት። "ወንድ ወለደችለት"፣ "ሴት ብቻ ትወልዳለች" ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቼ ስንት ጊዜ ራሴም ብያለሁ።

በመጨረሻ፦ ባልሽም ይመርመር አለች። ይህ ነው ከባዱ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ትናንት ማታ ለግርማ ደህና መሆኔን ብቻ ነገርኩት። ግንባሬን ሳመኝ። የሱን ነገር ለዛሬ አቆየሁት።

ዛሬ ከራት በኋላ አነሳሁት። "እኔ ምን ሆኜ?" አለ። ዘይት የነካውን ጥፍሩን በስንጥር ያጸዳ ጀመር። አዴ ጥግ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። እኔ የኤክስና የዋይን ነገር ማውራት ጀመርኩ። እንደ አስተማሪ ነው የማወራው፣ ስፈራ እንደዚያ ነኝ።

ፊደሎቹ ለአዴ ምንም ስላልነበሩ፣ አንደኛ ክፍሎችን መደመር የማስተምርበትን ባቄላና ሽምብራ ከቦርሳዬ አወጣሁ። በአንድ እጄ ባቄላ ብቻ። "ይህ የሴቷ ነው።" በሌላው እጄ ባቄላና ሽምብራ። "ይህ የወንዱ ነው። ከሁለቱም አንዳንድ ይወጣል። ባቄላና ባቄላ ከተገናኙ ሴት፣ ባቄላና ሽምብራ ከተገናኙ ወንድ።"

አዴ እንዝርቱን አስቀመጡት።

"ሴቲቱ ሽምብራ የላትም?"

"የላትም፣ አዴ።"

"ብትለምንም? ብትሳልም?"

"ብትሳልም የላትም።"

እንደገና አሳይኝ አሉ። እንደገና አሳየሁ። ከእጄ ላይ ባቄላዎቹን ወሰዱ፣ አገላብጠው አዩዋቸው፣ ተነሥተው ወጡ። በሩን እንኳ አልዘጉም።

ግርማ ከዚያ በኋላ ነገረኝ። ከሱ በፊት አዴ አምስት ሴቶች ወልደዋል። አምስተኛዋ ስትወለድ አባቱ ሌላ ሚስት አገቡባቸው፤ እዚሁ ግቢ፣ አሁን ከብቶቹ የሚያድሩበት ቦታ ላይ ቤት ሠርተው። እህቶቹን አውቃለሁ፤ ሌላ ሚስት እንደነበረች ግን አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት እዚህ ኖሬ ማንም አላነሳልኝም።

የሞቱትን ባላቸውን የነካሁባቸው መሰለኝ። ምነው ባቄላውን ባላወጣሁት።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ትናንት አዴ በጠዋት ወጥተው ማታ ተመለሱ። ዛሬም እንደዚሁ። የት እንደሚሄዱ አይናገሩም። እግራቸው እስከ ቅልጥማቸው አቧራ ነው። በዚህ ዕድሜ።

ሎሚን አጠጣሁ፣ በረቱን ጠረግሁ። ጎረቤታችን ስታየኝ "አዴ በየቤቱ እየዞሩ ነው አሉ" አለችኝ። ለምን? "ስለ መንታ ይጠይቃሉ።"

ስለ እኔ ማለት ነው። ከኦቦ ቱሉ ጋር ተስማምተው፣ ከእሑድ በፊት ለዘመድ ሁሉ እያሳወቁ ነው። በባቄላው ነገር ተቀይመዋል። ሌላ ምን ይሆናል?

ለግርማ አልነገርኩትም። እናቱ ናቸው።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ሰማዩ ጭስ ነው። ግርማ ሥራ ስለሌለው የግቢውን ጥራጊ ሰብስቦ አቃጠለ። ዓይናችን እያነባ ተሳሳቅን። አዴ ግን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት አልመጡም። በጭሱ መሐል ወደ ሀና ማርያም ሲወርዱ አየኋቸው አለች ጎረቤታችን።

ግርማን "እሑድ አጎትህ ሲመጡ ምን ትላቸዋለህ?" አልኩት።

"እንግዳ ነው፣ እናበላዋለን። ሌላውን እሱ ሲናገር እሰማለሁ፣ እኔ ስናገር ደግሞ እሱ ይሰማል።"

ግርማ ረጅም ነገር አይናገርም። ይህ ለሱ ረጅም ነው።


እሑድ፣ ኅዳር 14

ተቀምጬ መጻፍ የቻልኩት አሁን ነው። እንግዶቹ ሄደዋል።

ነገ ጾም ይገባል። ግርማ በግ አረደ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ማጀት ነኝ፤ ወጡ እንዳያርብኝ አሥር ጊዜ አማስላለሁ። ኦቦ ቱሉ መጡ። ደህና በሉ። መረቁ። ከዚያ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው "ግርማ፣ አንተ የወንድሜ አንድ ወንድ ልጅ ነህ" ብለው ጀመሩ።

"ቆይ ቱሉ" አሉ አዴ። "እንግዳ አለብኝ።"

ወጡና ሁለት ሰው ይዘው ገቡ። አንዷ ልጅ ያዘለች ሴት ናት፤ ከኋላዋ አንድ ሰውዬ። ፊታቸው አንድ ነው፣ አፍንጫቸው ሳይቀር። ሴትየዋ ብርቄ ትባላለች፣ የሀና ማርያም ሰው ናት። ሰውዬው መንታ ወንድሟ ነው።

"ንገሪው" አሏት አዴ።

ብርቄ አፍራ መሬት እያየች፣ አምስት ልጆች እንዳሏትና ያዘለችው ስድስተኛዋ መሆኑን ተናገረች። ወንድሟ "እኔም ምስክር ነኝ፣ አብሬያት ነው የተወለድኩት" አለ። ግርማ ሳቁን መያዝ አቃተው።

አዴ ሦስት ቀን የዞሩት ይህን ፍለጋ ነው። በየደጁ እየቆሙ፣ ከወንድም ጋር መንታ ሆና ተወልዳ የወለደች ሴት አለች ወይ እያሉ። አንዷን አገኙ፣ ሞታለች አሏቸው። ሌላዋ ሩቅ አግብታ ሄዳለች። በመጨረሻ ብርቄን አገኙ። ወንድሟን ደግሞ ቱሉ አያምንም ብለው ከአጨዳ ጎትተው አመጡት። እኔ ደግሞ ምን እያሰብኩ ነበር። ማጀት ገብቼ ፊቴን ውኃ አስነካሁት።

ስመለስ አዴ ገና አልጨረሱም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ያኔ ለወንድምህ ሌላ ሚስት ያመጣህለት አንተ ነህ" አሉ። "ጫልቱ ወንድ መውለድ አታውቅም አልከው። እኔም አመንኩህ። ማርያም ደጅ ወድቄ ስንት አለቀስኩ። ለካስ እኔ ዘንድ አልነበረም። ወንድ ሴት የሚያደርገው ከአባት የሚመጣው ነው። ያመጣህለትም ሴት ሁለት ሴት ወልዳለት ሄደች። ረሳኸው?"

ኦቦ ቱሉ ከዘራቸውን ወደ ጎን አስቀመጡ። "ማን አለ ይህን?"

"ምራቴ። የተማረች ናት።"

"ወንድሜ የለም። አሁን እሱን ማንሳት ምን ያደርጋል?"

"እሱን አላነሳሁም። አንተን ነው።"

ከዚያ የሆነውን ብናገር ማን ያምነኛል። ኦቦ ቱሉ ጠላቸውን ጠጡ፣ ወደ ብርቄ ወንድም ዞሩና በእናንተ በኩል ጤፉ እንዴት ነው አሉት። እስኪመሽ ስለ አጨዳና ስለ አውድማ አወሩ። የቤተሰብ ጉዳይ አልተነሳም። ብርቄ ልጇን አስታቅፋኝ እጇን ታጥባ አብራኝ ማጀት ገባች።

ሲሄዱ ግርማ እስከ በር ሸኛቸው። ተመልሶ መጥቶ "ማክሰኞ ጋራዡን አስፈቅዳለሁ" አለኝ። "ለምን?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"ሐኪሟ ዘንድ ነዋ።"

አዴን እጃቸውን ልስም ስል አልሰጡኝም። "ሂጂ ድስቱን እጠቢ፣ ነገ ጾም ነው" አሉኝ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

በሰይቼንቶ፣ በትንሿ የፊያት ታክሲ ሄድን፣ እኔና ግርማ። የእሑድ ሸሚዙን ለብሷል፣ ጥፍሩን ፍቆ ፍቆ አጽድቶታል። ሲገባ ላብ አጥምቆት ነበር። ሲወጣ "ነርሷ ጥሩ ሰው ናት" አለ። ውጤቱ ለሚመጣው ሳምንት ነው። ሐኪሟ ሁለታችሁም ወጣት ናችሁ፣ አትቸኩሉ ብላናለች። ቢሆን እሰየው። ባይሆን ምን እንደምናደርግ አላውቅም፤ ሁለታችን ግን አብረን ነው የማናውቀው።

ስንመለስ የከብት ሐኪሙ ለቀሩት ከብቶች ተመልሶ ሜዳው ላይ ነበር። አዴ ሎሚን ይዘው ቆመዋል። ልትሸጧት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። "ምን ቆርጦኝ? ይህ አንገት እያለ?" አሉ። ዘንድሮ አውድማ ላይ ከበሬዎቹ ጋር ጤፍ ታበራያለች።

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክረምቱን ያስፈለፈሏት ዶሮ ጫጩቶቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም አውራ ሆነውባቸዋል። ጥፋቱ የአባትየው ነው አይደል?

"የለም" አለ ሐኪሙ። "በዶሮ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ዓይነት ያላት ሴቷ ናት። አውራ ይሁን ቄብ የሚወሰነው በእናትየዋ ነው።"

አዴ መጀመሪያ አላመኑትም። እኔን አዩኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ማለ። ከዚያ አዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

"ይህን ለቱሉ እንዳትነግሩት" አሉን።